በባዶ እግር በጋለ መሬት ላይ መሮጥ፦ እግር እንዳይቃጠል፣ ውሃ ሲቋጥርም ምን ይደረግ?

በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው ስለ ጠጠርና ስለ ስባሪ ጠርሙስ ብዙ ይጠየቃል። ከሩጫ የሚያስቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይ ያጋለው አስፋልትና ከዚያ በኋላ ውስጥ እግሩ ላይ የሚቋጥረው ውሃ። ጠጠር በዓይን ይታያል። ሙቀት ግን አይታይም።

ይህን መመሪያ ስታነቡ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። እግር ውሃ የሚቋጥረው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ፍትጊያ ነው፣ ሌላው ቃጠሎ። ከላይ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። መከላከያቸውና ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ፍትጊያ የሩጫ ስልትን በማስተካከል ይቀንሳል። ቃጠሎን ግን የትኛውም ስልት አያስቀረውም፤ ከጋለው መሬት መውረድ ብቻ ነው መፍትሔው። በፍትጊያ የመጣውን ውሃ አንዳንዴ በመርፌ ማፍሰስ ይቻላል። በቃጠሎ የመጣውን ቤት ውስጥ መብሳት የለባችሁም።

መጀመሪያ፦ ይህ ነገር የማይሆናቸው ሰዎች

ስኳር በሽታ ያለባችሁ፣ እግራችሁ የሚደነዝዝ ወይም የደም ዝውውሩ ደካማ የሆነ ሰዎች፣ በጋለ መሬት ላይ በባዶ እግር አትሩጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሯጩን የሚያድነው የሕመም ስሜት ነው። ስሜቱ ከደነዘዘ እግር እየተቃጠለ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። በሽታ የመከላከል አቅማችሁ የተዳከመ ከሆነም በቅድሚያ ሐኪም አማክሩ።

ደረጃ 1፦ የምትረግጡትን እወቁ

የአየር ትንበያ የሚነግራችሁ የአየሩን ሙቀት እንጂ የመሬቱን አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስም ከሌለ፣ ጥቁር አስፋልት 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። አየሩ ከ30 ካለፈ አስፋልቱ 60ን ሊሻገር ይችላል። ጥቁር ነገር የፀሐይን ብርሃን ይውጣል፤ የዋጠውን ደግሞ በሙቀት መልክ ለእግራችሁ ያስረክባል።

ቆዳ ምን ያህል ይችላል? 44 ዲግሪ አካባቢ ጉዳት ሊጀምር ይችላል፤ ሆኖም በዚህ ሙቀት ሰዓታት ይፈጃል። 49 ላይ ሲደርስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። 60 ዲግሪ ላይ ግን 5 ሰከንድ ያህል ለከባድ ቃጠሎ በቂ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ከሌላው የሰውነት ክፍል ቆዳ ስለሚወፍር ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣችኋል። ብዙ ግን አይደለም።

«እየሮጥኩ ስለሆነ እግሬ መሬቱን የሚነካው ለቅጽበት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ እናስላው። አንድ ሯጭ በደቂቃ 170 ወይም 180 ጊዜ ይረግጣል። ለአንድ እግር 85 ወይም 90 መሆኑ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ሩብ ሰከንድ ያህል መሬት ላይ ቢቆይ፣ አንዱ እግር በየደቂቃው ከ20 ሰከንድ በላይ ከጋለው መሬት ጋር ይገናኛል ማለት ነው። በመሃል አየር ላይ ሲነሳ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ሙሉ በሙሉ ግን አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሙቀቱ በላይ በላዩ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ላይ «ሞቅ ያለ» ብቻ የመሰለው መንገድ ከደቂቃዎች በኋላ የማይቻል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁሉም መሬት አንድ አይደለም። ኮንክሪት ፈዛዛ ቀለም ስላለው ብዙውን ጊዜ ከአስፋልት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በቀትር ያቃጥላል። አስፋልት ላይ ያለው ነጭ የመንገድ ቅብ ከጥቁሩ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ያንሸራትታል። የተፈጥሮ ሣር ውሃ ስለሚያተን ራሱን ያቀዘቅዛል። ሰው ሠራሽ ሣር ግን ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። አረንጓዴ ስለሆነ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ በፀሐይ ግን ከአስፋልት ሊብስ ይችላል። ከጎማ የተሠራ የመሮጫ መምም እንደዚያው ነው። ደረቅ አሸዋ ከላይ ይፋጃል፤ ውሃ የነካው አሸዋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ከሁሉ የከፋው የብረት ክዳንና የብረት ፍርግርግ ነው። ብረት ሙቀቱን ወደ ቆዳ የሚያስተላልፈው በፍጥነት ስለሆነ አንድ እርምጃ እንኳ ሊጎዳ ይችላል። ዝለሉት ወይም ዙሩት።

የመሬቱን ሙቀት የምትፈትሹት እንዲህ ነው። የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ አሳርፉ። መዳፉን ሳይሆን ጀርባውን፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይናገራል። 7 ሰከንድ ያለ ችግር መቆየት ካልቻላችሁ እዚያ ላይ በባዶ እግር አትሮጡም። ፈተናውን ጥላ ውስጥ ሳይሆን ፀሐይ በሚመታው ቦታ፣ በምትሮጡበት መንገድ ላይ በጣም ጥቁር በሆነው ክፍል ላይ አድርጉት።

ደረጃ 2፦ ሰዓት ምረጡ

በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ የለም። መሬት በጣም የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ስለዚህ ማለዳ ተመራጭ ነው። ማታ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም አስፋልት ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ለሰዓታት ሊሞቅ ይችላል። ማታ የምትሮጡ ከሆነ የእጅ ፈተናውን አትዝለሉ።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ብዙ የማይነገረው ሰዓቱ ነው። የዚያን ዕለት ውድድር ከሙቀት ለመሸሽ ወደ አመሻሹ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን በሌሊት ነው ያለቀው። አበበም በባዶ እግር ልምምድ ያደረገ ሰው ነበር። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ ጫማ አድርጎ ሮጦ አሸንፏል። ባዶ እግር ምርጫ ነው፤ መሬቱና ሰዓቱ ካልፈቀዱ ጫማ ማድረግ ሽንፈት አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቆዳውን አለማምዱ፤ አትቸኩሉ

የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ውስጥ እግር በሳምንት አይደድርም። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦

1. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀዝቃዛና ለስላሳ መሬት ላይ በባዶ እግር መራመድ ብቻ። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል።
2. ቀጥሎ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ቀን እያሳለፉ። በጫማ ከምትሮጡት ላይ በመጨረሻ ጨምሩት።
3. ቆዳችሁ በማግስቱ ካልቆጠቆጠ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ መጨመር።
4. ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በኋላ ብቻ ሞቅ ወዳለ መሬት። ሞቅ ያለ ማለት የእጅ ፈተናውን በቀላሉ ያለፈ ነው። ሰዓቱን ከማለዳ ወደ ረፋድ በትንሽ በትንሹ ግፉት፤ ርቀቱን ደግሞ በግማሽ ቀንሱ።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። ርቀት ከጨመራችሁ ሙቀቱ ይቆይ። ሻካራ መንገድ ከሞከራችሁ ርቀቱ አይጨምር።

የደደረ ቆዳን ሰው እንደ ጫማ ይቆጥረዋል። ልክ አይደለም። የደደረ ቆዳ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እንዲያውም ሌላ አደጋ አለው፤ ስሜቱን ስለሚያዘገይ «አቃጠለኝ» የምትሉት ሙቀቱ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። የረጅም ጊዜ ሯጮች ሳይቀሩ የሚቃጠሉት ለዚህ ይመስለኛል።

በጣም የወፈረ፣ ጠርዙ የቆመ ቆዳ ደግሞ ከሥሩ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለው ለማከም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከታጠባችሁ በኋላ ጠርዙን በእግር መሞረጃ ቀስ ብላችሁ አለስልሱት። ሙልጭ አድርጋችሁ አታንሱት፤ በምላጭም አትቁረጡት። ማታ ማታ ደግሞ ቅባት ቀቡት። እንዲሆን የምንፈልገው ወፍራም ሆኖ የሚተጣጠፍ ቆዳ ነው። የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

ደረጃ 4፦ አረጋገጣችሁን አስተካክሉ

የፍትጊያ ውሃ የሚፈጠረው ቆዳው መሬቱን ይዞ ሲቀር አጥንቱ ግን ወደፊት ሲሄድ ነው። በመሃል ያለው የቆዳ ንብርብር ይጎተታል። ጉተታው ሲደጋገም ንብርብሩ ይላቀቅና ክፍተቱ ውሃ ይሞላዋል። ስለዚህ ጠላታችን ከላይ መታሸቱ ብቻ ሳይሆን ውስጥ ለውስጥ መጎተቱ ነው። ሙቀትና ላብ ሲጨመሩበት ቆዳው ይለሰልሳል፣ መሬቱን ይበልጥ ይይዛል፣ ጉተታውም ይብሳል።

ከዚህ የምንማረው እግርን መግፋት ሳይሆን ማንሳት እንዳለብን ነው። መሬቱን ወደ ኋላ እየገፋችሁ አትሂዱ፤ እግራችሁን ወደ ላይ አንሱት። ከሰውነታችሁ በታች ይረፍ እንጂ ሩቅ ወደፊት አይዘርጋ። ሩቅ የተዘረጋ እግር ሲያርፍ ፍሬን ይይዛል፣ ፍሬን ሲይዝ ቆዳ ይጎተታል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ፍጥነቱን ጨምሩ። ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፍ። ጣቶቻችሁን ዘና አድርጉ።

ጆሯችሁም ይረዳችኋል። በባዶ እግር በደንብ የሚሮጥ ሰው ኮቴው እምብዛም አይሰማም። «ጧ ጧ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መሬቱን እየደበደባችሁት ነው። «ሽር» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ እግራችሁ እየተንሸራተተ ነው፤ ውሃ የሚቋጥረውም ይሄኛው ነው።

ውሃው የት እንደቋጠረ ማየትም ብዙ ይናገራል። በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋማ ክፍል ላይ ከሆነ፣ ስትነሱ እግራችሁን እያዞራችሁ ወይም በኃይል እየገፋችሁ ነው። የጣቶች ጫፍ ላይ ከሆነ መሬቱን በጣት እየቧጠጣችሁ ነው። ተረከዝ ላይ ከሆነ ተረከዛችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ እያረፋችሁ ነው። አንድ እግር ላይ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ፣ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ እንደሆነ አስተውሉ። ኩርባ ላይ በፍጥነት መታጠፍም ያው ነው፤ ፍጥነት ቀንሱና በትናንሽ እርምጃ ዙሩ።

ብዙዎች እግራቸው ሲግል ውሃ ያፈሱበታል። እኔ አልመክርም። ለጊዜው ደስ ይላል፤ የራሰ ቆዳ ግን ይለሰልሳል፣ ፍትጊያውም ይጨምራል። ቆም ብሎ ጥላ ውስጥ ማረፍ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ መመለሻችሁን አስቀድማችሁ አስቡ

በጋለ መሬት ላይ ትልቁ ችግር ከቤት 3 ኪሎ ሜትር ርቆ እግር ማቃጠል ሲጀምር ነው። ስለዚህ ሄዶ መመለስ ሳይሆን አጭር ዙር እየደጋገማችሁ ሩጡ፤ ጫማችሁ ሁልጊዜ ቅርብ ይሆናል። ካልሆነ ቀላል ነጠላ ጫማ በእጅ ወይም በወገብ ያዙ።

ከምልክቶቹ ዋናው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰማ ትኩሳት ነው። በአንድ ነጥብ ከሆነ ፍትጊያ እየጀመረ ነው፤ እዚያው ቁሙ። ስልት ማስተካከል የሚረዳው ከመጀመሪያው ነው፤ ቆዳው መላቀቅ ከጀመረ ወዲያ ፕላስተር ለጥፎ ጫማ ማድረግ ነው ያለው። ውስጥ እግራችሁ በሙሉ ከፈጀ ደግሞ መሬቱ ነው፤ ወደ ሣር ወይም ወደ ጥላ ውጡ። «ይቺን ታህል ልጨርሳት» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ሩጫ ስታቆሙ አስፋልቱ ላይ አትቁሙ፤ የቆመ እግር ከሚሮጥ እግር ይበልጥ ይቃጠላል።

ደረጃ 6፦ ውሃ ቋጥሯል፤ የትኛው ነው?

እግራችሁን በለብታ ውሃና በሳሙና ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በጥሩ ብርሃን ተመልከቱ።

የፍትጊያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ነው፣ ዳርቻው የተለየ ነው፣ ሲጫኑት ያማል፤ ካልተጫኑት ግን ጋብ ይላል። የቃጠሎው መሬቱን በነኩት ቦታዎች ሁሉ ይሰራጫል። የጣቶች ሥር፣ የጣቶች ጫፍ፣ ተረከዝ፣ ብዙውን ጊዜም በሁለቱም እግር። ሳትነኩትም ያቃጥላል፣ ዙሪያው ይቀላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀላሉ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ዳስሱ፤ እብጠቱንም ከሌላው ቦታ ጋር አስተያዩ። ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ነው። ካልለየላችሁ እንደ ቃጠሎ ቁጠሩት።

ደረጃ 7፦ የፍትጊያውን ማከም

ትንሽ ከሆነና ካላሳመመ አትንኩት። ከላይ ያለው ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ የተሻለ መሸፈኛ ነው። ፕላስተር ለጥፉበትና ተዉት።

ትልቅ ከሆነና መራመድ ከከለከላችሁ ማፍሰስ ይቻላል። በውስጡ ደም ካለ ወይም ከላይ የጠቀስኩት የጤና ችግር ካለባችሁ ግን አታፍስሱት። አፈሳሰሱ እንዲህ ነው፦

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቋጠሮውንም በሳሙናና በውሃ አጽዱ።
2. በፓኬት የታሸገ ንጹሕ መርፌ ተጠቀሙ። ከሌለ የስፌት መርፌ በአልኮል ጥረጉ።
3. መርፌውን ከመሃል ሳይሆን ከጠርዙ፣ ከጤነኛው ቆዳ አጠገብ፣ በአግድም አስገቡ። ወደ ታች አትውጉ። የላይኛው ቆዳ የሞተ ስለሆነ እምብዛም አያምም፤ ካመመ ጠልቃችኋል።
4. ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ቀዳዳ በጠርዙ ላይ ይበቃል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይደፈንና ውሃው ይመለሳል።
5. በንጹሕ ጎዝ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። የሚወጣው ጥርት ያለ ወይም ቢጫ መሰል ውሃ ነው። ደፍረስ ያለ ወይም የሚሸት ከሆነ መግል ነውና ወደ ሐኪም ሂዱ።
6. ቆዳውን አትግፈፉት። በሥሩ ያለው ሥጋ ላይ ተኝቶ ይቅር።
7. ቫዝሊን ቀብታችሁ በማይጣበቅ ጎዝ ሸፍኑት። በየቀኑ፣ ወይም ሲረጥብና ሲቆሽሽ፣ ቀይሩት።

ተመልሶ ከሞላ በዚያው መንገድ ደግማችሁ ማፍሰስ ትችላላችሁ። ቆዳው በራሱ ከተቀደደና ከሥሩ ቀይ ሥጋ ከታየ፣ ቆሻሻውን በውሃ አጥባችሁ፣ ቫዝሊን ቀብታችሁ ሸፍኑት። ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮኮሎይድ የሚባለው ወፈር ያለ ፕላስተር እዚህ ላይ ጥሩ ነው፤ ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ይይዛል፣ ሕመሙንም ይቀንሳል። መግል ባለበት ግን አይደረግም። በባዶ እግር የቆሰለ ሰው ቁስሉ አፈር መንካቱ ስለማይቀር የቴታነስ ክትባቱን መቼ እንደወሰደ ማስታወስ አለበት።

ደረጃ 8፦ የቃጠሎውን ማከም

ወዲያውኑ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ሥር አድርጉት። ለ20 ደቂቃ። ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከቆዳው ሥር ስለገባ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ዘግይታችሁም ቢሆን እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። በረዶ አታድርጉበት፤ በረዶ በተራው ቆዳውን ይጎዳል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሊጥ የመሰለ ነገር አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻል።

ከዚያ በማይጣበቅ ንጹሕ ጎዝ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። አትብሱት። እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ፤ ሕመሙን የተለመደው ማስታገሻ ይቀንሰዋል። እግር ላይ የደረሰ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ በሐኪም መታየት አለበት፤ እግር፣ እጅና ፊት ቃጠሎ በቀላሉ የማይታለፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ቦታው ከነጣ፣ ከጠቆረ ወይም ምንም ስሜት ከሌለው አትዘግዩ። ሕመም አለመኖሩ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ቃጠሎው ጠልቋል ማለት ሊሆን ይችላል።

በሁለቱም ዓይነት፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሙቀቱና እብጠቱ ከተስፋፋ፣ መግል ከመጣ፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ከታየ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ ቁስሉ አመርቅዟል። ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ ወደ ሩጫ መመለስ

የፍትጊያው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሽራል። የቃጠሎው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እኔ ግን ቀን ከመቁጠር ይልቅ በአውራ ጣት መፈተሽን እመርጣለሁ። ቦታውን በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑትና ወደ ጎን ሳብ አድርጉት። መጫኑ ካላመመ ግን መሳቡ ካመመ ገና ነው፤ ሩጫ የሚያደርገው መሳቡን ነውና።

ሞቶ የቀረው የላይኛው ቆዳ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። ጠርዙ ልብስ እየያዘ ካስቸገረ የተላቀቀውን ብቻ በንጹሕ መቀስ ከርክሙት። ከሥሩ የሚወጣው አዲስ ቆዳ ስስ ነው፣ ሙቀትም ቶሎ ይሰማዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትመለሱት ወደ ደረጃ 3 ነው፤ በማለዳ፣ በቀዝቃዛና ለስላሳ መሬት፣ ለጥቂት ደቂቃ። ሞቅ ያለውን መንገድ አዲሱ ቆዳ ከዙሪያው ካለው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ እስኪዳሰስ አቆዩት።